ሰብዉፈርን ከሪሲቨር ጋር ስለ ማገናኘት
በተማሪዎች ማኅበር አዳራሽ በፊልም ክበብ ስም የተደረገ ንግግር




የንግግራችን አርእስት ትንሽ መስሎ እንደሚታይ እናውቃለን። «አንድ ሣጥንና አንድ ገመድ ይህን ያህል ያናግራሉ ወይ?» የሚል ሰው ቢኖር አንፈርድበትም፤ እኛም ከጥቂት ወራት በፊት እንደዚሁ እንል ነበርና። ነገር ግን በዚሁ በአንድ ገመድ ምክንያት የአባሎቻችን መዋጮ በከንቱ ሊጠፋ፥ የቅዳሜው የፊልም ምሽት ሊዘጋ፥ በጎናችን ባለው የንባብ ክፍል ከሚያጠኑት ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ጋር ያለን ፍቅርም ሊቀዘቅዝ ጥቂት ቀርቶት ነበር። ስለዚህ የደረሰብንን ሳንሸሽግ ነግረን፥ ከስሕተታችን የተማርነውን በቅደም ተከተል ልናካፍላችሁ እንወዳለን።

እንደምታስታውሱት የክበባችን አባሎች ከሻይና ከመጓጓዣ ገንዘባቸው እየቀነሱ አዋጥተው ለአዳራሹ አንድ ሪሲቨር፥ አምስት ስፒከሮችና አንድ ሰብዉፈር ተገዙ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንዲሉ፥ አንዳችን ብቻችንን ልንገዛው የማንችለውን በኅብረት ገዛነው። ዕቃው የገባ ዕለት የነበረው ደስታ ወሰን አልነበረውም። ይሁን እንጂ በዚያው ምሽት የኳስ ጨዋታ ስለ ነበረ ሁላችንም ቸኩለን ነበር። ከዕቃው ጋር የመጣውን የመመሪያ መጽሐፍ ከመካከላችን የገለጠው ሰው አልነበረም። አንዱ ገመድ ይዞ ከቁም ሣጥኑ ኋላ ገባ፤ ሌላው «ሪሲቨሩ ላይ ሰካው» ብሎ ጮኸ፤ እርሱም ሰካው። የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ የሚባለው እንግዲህ በእኛ ላይ ደረሰ።

በኳሱ ምሽት ሰብዉፈሩ አጓራ። የጨዋታው አስተላላፊ ከጉድጓድ ውስጥ የሚናገር ሰው ይመስል ነበር። የሪሲቨሩን ድምፅ ስንቀንስ አምስቱ ስፒከሮች ይቀንሳሉ፤ ሰብዉፈሩ ግን እንደ ጀመረው ይቀጥላል። በቅዳሜው የፊልም ምሽት ደግሞ ነገሩ ተገለበጠ። ፊልሙ ተራራ የሚናድበት፥ መርከብ የሚሰባበርበት ሆኖ ሳለ፥ ሰብዉፈሩ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንዲት ድምፅ ሳያሰማ ተቀመጠ። ተሸክመን ወደ አንድ ጠጋኝ ወሰድነው። ጠጋኙም ሣጥኑን ሳይከፍት የውስጡ ጥቅል ሽቦ ተቃጥሏል አለን። ኮሚቴያችን ተሰብስቦ፥ ከአባሎች ሁለተኛ መዋጮ ጠይቀን አዲስ እንግዛ በሚለው ሐሳብ ላይ እጅ ሊያወጣ ሲል፥ ከአባሎቻችን አንዲት እኅት «ለመሆኑ ገመዱ የሚገባው የት ነው?» ብላ ጠየቀች። የመለሰላት አልነበረም። ተነሥታ የገመዱን ጫፍ ያዘችና በእጇ እየተከተለች ከቁም ሣጥኑ ኋላ ገባች። ገመዱ የተሰካው ከዲሹ ሪሲቨር ላይ ኖሯል።

እዚህ ላይ ስለ ስሙ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። በአገራችን «ሪሲቨር» ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ከሳተላይት ዲሽ የሚመጣውን ተቀብሎ ለቴሌቪዥን የሚሰጠውን ትንሽ ሣጥን ነው። የቤት ሲኒማ ሪሲቨር የሚባለው ግን ሌላ ነው። ይህ ከዲሹም፥ ከፊልም ማጫወቻውም፥ ከኮምፒዩተሩም የሚመጣውን ድምፅ ሁሉ ተቀብሎ፥ ለየስፒከሩ ድርሻውን ለይቶ፥ አጉልቶ የሚያከፋፍለው ትልቁና ከባዱ መሣሪያ ነው። የእኛ ሰብዉፈር ከትንሹ ሣጥን ጋር ስለ ተገናኘ የሚሰማው የዲሹን ድምፅ ብቻ ነበር። ስለዚህ ለኳሱ ጮኸ፤ ለፊልሙ ዝም አለ። ድምፅ መቀነሻው በትልቁ ሪሲቨር ላይ ስለ ነበረም ትእዛዛችን አልደረሰውም። ሰብዉፈሩ ምንም አልተቃጠለም ነበር። ሁለተኛው መዋጮ የቀረው በአንዲት ጥያቄ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ትምህርት እንግባ። ድምፅ የአየር ንዝረት መሆኑን በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሁላችንም ተምረናል። በአንድ ሴኮንድ የሚደረገው የንዝረት ብዛት የሚለካው በኸርዝ ነው። ጤናማ የወጣት ጆሮ ከ20 እስከ 20,000 ኸርዝ ያህል ይሰማል። ሰብዉፈር የሚሠራው ከዚህ ሁሉ ታችኛውን ጥግ ብቻ፥ ይኸውም በግምት ከ20 እስከ 120 ኸርዝ ያለውን ነው። በገጠር ያደጋችሁ እንደምታውቁት፥ ሠርግ ወዳለበት መንደር ሌሊት ለሚጓዝ መንገደኛ አስቀድሞ የሚደርሰው የከበሮው ምት ነው፤ የዘፋኙ ቃልና የማሲንቆው ድምፅ የሚለየው ከቀረቡ በኋላ ነው። ዝቅተኛ ድምፅ ሞገዱ ረጅም ስለ ሆነ ግድግዳና ርቀት በቀላሉ አያስቀሩትም። በ20 ዲግሪ ሙቀት ድምፅ በአየር ውስጥ በሴኮንድ 343 ሜትር ያህል ይጓዛል። ይህ ለንዝረቱ ቁጥር ሲካፈል የ20 ኸርዝ ድምፅ አንዱ ሞገድ 17 ሜትር ያህል፥ የ80 ኸርዝ ከ4 ሜትር ጥቂት የሚበልጥ፥ የ1,000 ኸርዝ ግን 34 ሳንቲሜትር ብቻ ርዝመት ይኖረዋል። ይህን ቁጥር በአእምሯችሁ ያዙልን፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ሲኒማ ይህን ዝቅተኛ ድምፅ ለብቻው መንከባከብ የጀመረው ከብዙ ጊዜ በፊት ነው። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1974 ዓ.ም. በአሜሪካ «ኧርዝኩዌክ» የተባለው ፊልም ሲታይ፥ «ሴንሰራውንድ» በተባለ ዘዴ በአዳራሹ ውስጥ ትልልቅ የዝቅተኛ ድምፅ ስፒከሮች ተተክለው የመሬት መንቀጥቀጡን ተመልካቹ በሰውነቱ እንዲሰማው ተደርጓል። ድምፁ ግድግዳ አልፎ በጎን ባለው አዳራሽ ሌላ ፊልም የሚያዩትን ይረብሽ እንደ ነበርም ይነገራል፤ ይህንንም ያዙልን። በ1992 ዓ.ም. ደግሞ «ባትማን ሪተርንስ» ከተባለው ፊልም ጋር ዶልቢ ዲጂታል የተባለው የድምፅ አሠራር በሲኒማ ቤት ታየ። በዚህ አሠራር አምስት ሙሉ የድምፅ መስመሮችና አንድ ለዝቅተኛ ድምፅ ብቻ የተለየ መስመር አሉ። «አምስት ነጥብ አንድ» የሚባለው ይኸው ነው። «ነጥብ አንድ» የተባለበትም ምክንያት ይህ ስድስተኛ መስመር እስከ 120 ኸርዝ ያለውን ብቻ ስለሚይዝ፥ ከሙሉ መስመር ጋር ሲተያይ ጥቂት ስፍራ ብቻ የሚወስድ በመሆኑ ነው። በእንግሊዝኛው አጠራር «ኤልኤፍኢ» ይሉታል። በሪሲቨሩና በሰብዉፈሩ ጀርባ ላይ ይህን ጽሑፍ ስታዩ ከእንግዲህ እንግዳ አይሁንባችሁ።

ከማገናኘት በፊት የሰብዉፈሩን ዓይነት መለየት ግዴታ ነው። ሰብዉፈሩ የራሱ የኤሌክትሪክ ገመድ ካለው በውስጡ የራሱ ማጉያ አለው ማለት ነው፤ የምንናገረውም ስለዚህኛው ነው። የኤሌክትሪክ ገመድ የሌለው ከሆነ ግን ማጉያ የለውምና፥ ከዚህ ቀጥሎ በምንናገረው ቀዳዳ ላይ ቢሰካ ድምፅ አይሰጥም። የሪሲቨሩ የሰብዉፈር ቀዳዳ የሚያወጣው መልእክት ብቻ ነው፤ ጉልበት አይደለም። እንዲህ ላለው ሰብዉፈር ለብቻው ማጉያ ያስፈልገዋል።

አሠራሩ እንደሚከተለው ነው። በመጀመሪያ ሁሉም መሣሪያዎች ይጥፉ፤ ከሶኬትም ይነቀሉ። መሣሪያው እየሠራ ገመድ ቢሰካ ከሰብዉፈሩ የሚወጣው ከባድ ጓታ ጆሮንም ስፒከሩንም ይጎዳል። ሁለተኛ፥ በሪሲቨሩ ጀርባ «ሰብዉፈር ፕሪ አውት» ወይም በአጭሩ «ሰብ አውት» የሚል የተጻፈበትን አንዱን ክብ ቀዳዳ መፈለግ ነው። ሦስተኛ፥ በሰብዉፈሩ ጀርባ «ኤልኤፍኢ ኢን» ወይም «ላይን ኢን» የሚለውን ማግኘት ነው። አራተኛ፥ ሁለቱን በአንድ አርሲኤ ገመድ ማገናኘት ነው። ሥራው ይኸው ነው፤ አንድ ገመድ ይበቃል። በሰብዉፈሩ ላይ ቀይና ነጭ ሁለት ቀዳዳ ብቻ ካለና አንደኛው «ሞኖ» ወይም «ኤልኤፍኢ» የሚል ምልክት ካለበት፥ በዚያኛው ላይ መሰካት ነው፤ ምልክት ከሌለ በግራው ላይ ይሰካ። ሁለቱንም የሚሞላ ባለ ሁለት ራስ ገመድ መግዛት ግድ አይደለም፤ ድምፁን ጥቂት ከፍ ከማድረግ በቀር ሌላ ጥቅም የለውም። ገመዱ የተሸፈነና ጫፉ የማይላላ ይሁን እንጂ፥ ዋጋው ውድ ስለ ሆነ የተለየ ድምፅ ይሰጣል ብላችሁ ገንዘባችሁን አታባክኑ።

እኅታችን ገመዱን ወደ ትክክለኛው ቀዳዳ ካዛወረችው በኋላ ሰብዉፈሩ ለፊልሙም ለኳሱም መለሰ። እኛም ነገሩ ያለቀ መስሎን ነበር። ነገር ግን ድምፁ ጎደሎ ሆነ። የሚፈነዳው ይፈነዳል፤ የሰው ድምፅም ጥሩ ነው፤ የወንድ ድምፅ ጥልቀት፥ የበገናው ታችኛ አውታርና የከበሮው ሆድ ግን አይሰማም። ስንመረምረው ምክንያቱ የሁለት ሹሞች በአንድ ግዛት መሾም ሆኖ አገኘነው።

ይኸውም እንዲህ ነው። ዝቅተኛውን ለሰብዉፈር፥ የቀረውን ለሌሎቹ ስፒከሮች የሚያካፍለው ወሰን «ክሮስኦቨር» ይባላል። ይህ ወሰን በሪሲቨሩ ሜኑ ውስጥ አለ፤ በሰብዉፈሩ ጀርባም ለብቻው ማዞሪያ ቁልፍ ያለው ሌላ ወሰን አለ። ሪሲቨራችን ወሰኑን 80 ኸርዝ ላይ አድርጎ፥ ከ80 በላይ ያለውን ለስፒከሮቹ፥ ከ80 በታች ያለውን ለሰብዉፈሩ ሰጥቶ ነበር። የሰብዉፈሩ ማዞሪያ ግን 50 ላይ ስለ ነበረ፥ ሰብዉፈሩ ከ50 በላይ ያለውን አልቀበልም አለ። ስለዚህ ከ50 እስከ 80 ያለው ድምፅ በሁለት ባለርስቶች ድንበር መካከል እንደ ቀረ መሬት ባለቤት አጣ። በአባቶቻችን አነጋገር ሁለት ባላ ትከል፥ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ጠለል ይባላል። በሌላው ነገር ሁሉ እውነት ነው፤ በዚህ ነገር ግን ሁለተኛው ባላ ጎጂ ነው። ወሰን ከፋዩ አንድ ብቻ መሆን አለበት፤ እርሱም ሪሲቨሩ ነው። የሰብዉፈሩ ቀዳዳ «ኤልኤፍኢ» የሚል ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ የራሱን ወሰን ያልፈዋል፤ ካልሆነ ግን ማዞሪያውን እስከ መጨረሻው ከፍ አድርጎ ከሥራ ማውጣት ይገባል።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ አንድ ሌላ ነገር አለ። በሪሲቨሩ ሜኑ ውስጥ እያንዳንዱ ስፒከር «ትልቅ» ወይም «ትንሽ» ተብሎ ይመዘገባል። ከእኛ አንዱ «ስፒከሮቻችን ትንሽ ናቸው ብለን ለምን እናዋርዳቸዋለን?» ብሎ ሁሉንም ትልቅ ብሎ መዝግቦ ነበር። ይህ የክብር ጉዳይ አይደለም። «ትልቅ» ማለት «ዝቅተኛውን ድምፅ ራሱ ይችለዋል፥ ለሰብዉፈር አታካፍል» ማለት ነው። «ትንሽ» ማለት ደግሞ «ከወሰኑ በታች ያለውን ለሰብዉፈር ስጥ» ማለት ነው። ስፒከሮቹ ሁሉ ትልቅ ተብለው ከተመዘገቡ ሰብዉፈሩ የሚሰማው የፊልሙን ስድስተኛ መስመር ብቻ ይሆናል፤ ባለ ሁለት መስመር ዘፈን ሲከፈት ብዙ ጊዜ ሥራ ፈት ሆኖ ይቀመጣል። ስለዚህ ስፒከሩ በዓይን ቢያምርም፥ በቁመት ቢረዝምም፥ «ትንሽ» በሉት፤ ሰብዉፈሩ «አለ» ይባል፤ ወሰኑን ከ80 ኸርዝ ጀምሩ። በጣም ትንንሽ ስፒከር ያላችሁ ግን 100 ወይም 120 ልታደርጉት ይገባል። ለብቻው የሚገኘው የስድስተኛው መስመር ወሰን 120 ላይ ይቀመጥ።

ቀጥሎ የሚመጣው የመጠን ጉዳይ ነው። የሰብዉፈሩን የድምፅ ማዞሪያ መካከሉ ላይ አድርጉት፤ «አውቶ» እና «ኦን» የሚል ማብሪያ ካለው፥ ሲስተካከል ሳለ እንዳይተኛ «ኦን» ላይ ይሁን። ከዚያ ከሪሲቨሩ ጋር የመጣውን ማይክሮፎን ተመልካች በሚቀመጥበት ስፍራ በጆሮ ቁመት አቁማችሁ፥ አዳራሹን ጸጥ አሰኝታችሁ፥ ራሱ እንዲለካ ማዘዝ ነው። ሲጨርስ ለሰብዉፈሩ የሰጠውን ቁጥር ተመልከቱ። ቁጥሩ ከዝቅተኛው ጫፍ ደርሶ ከሆነ ማዞሪያው በዝቶ ነበር ማለት ነው፤ ዝቅ አድርጋችሁ እንደገና አስለኩት። የሰብዉፈሩን ርቀት ሪሲቨሩ በሜትር ከለካችሁት የበለጠ ጽፎ ብታገኙትም አትደንግጡ። በሰብዉፈሩ ውስጥ ያለው አሠራር ድምፁን ጥቂት ስለሚያዘገየው፥ ሪሲቨሩ መዘግየቱን እንደ ርቀት ቈጥሮት ነው፤ አትንኩት። ማይክሮፎን ከሌላችሁ ደግሞ በሪሲቨሩ ውስጥ ያለውን የመፈተኛ ድምፅ ከፍታችሁ፥ እያንዳንዱ ስፒከር በተቀመጣችሁበት 75 ዴሲቤል ያህል እንዲሆን ማስተካከል ትችላላችሁ። በስልክ የሚሠሩት መለኪያዎች በዝቅተኛ ድምፅ ላይ ብዙ ጊዜ አሳንሰው እንደሚናገሩ ግን አትርሱ።

«ፌዝ» የሚል ጽሑፍ ያለበት፥ 0 ወይም 180 የሚል ትንሽ ማብሪያም አለ። ብዙ ሰው ፈርቶት ይተወዋል። ሥራው ቀላል ነው፤ የሰብዉፈሩ ግፊት ከሌሎቹ ስፒከሮች ግፊት ጋር አብሮ እንዲሄድ ወይም ተቃራኒ እንዲሆን ያደርጋል። አንድ ሳንቃ ሁለት ሰዎች በአንድ ወገን ቢገፉት ይሄዳል፤ ግራና ቀኝ ቆመው እኩል ቢገፉት ባለበት ይቆማል። የባስ ጊታር ያለበትን ዘፈን ክፈቱ፤ አንድ ሰው ማብሪያውን ይቀያይር፤ ሌላው በመቀመጫው ሆኖ ያዳምጥ። ድምፁ ሞላ ብሎ የተሰማበት ወገን ትክክለኛው ነው።

አሁን ያዙልን ወዳልናችሁ የሞገድ ርዝመት እንመለስ። አዳራሻችን 10 ሜትር ርዝመትና 7 ሜትር ስፋት አለው። ሁሉም ነገር ከተስተካከለ በኋላ እንኳ በኋለኛው ግድግዳ ተደግፈው የተቀመጡት ጆሯቸውን ሲይዙ፥ ከእነርሱ ሁለት ሜትር ተኩል ያህል ወደ ፊት የተቀመጡት ደግሞ «ዛሬም ተበላሽቷል እንዴ?» ይሉን ነበር። ሁለቱም እውነታቸውን ነበር። በሁለት ግድግዳ መካከል የሚመላለስ ዝቅተኛ ድምፅ ራሱን በራሱ በአንዳንድ ስፍራ ይደግፋል፤ በአንዳንድ ስፍራ ያጠፋል። በ10 ሜትር ርዝመት ውስጥ የ34 ኸርዝ ድምፅ አንድ ሙሉ ሞገድ ልክ ይገጥማል። ስለዚህ ከሁለቱ ጫፍ ግድግዳዎች አጠገብና በመካከሉ ይበረታል፤ ከየግድግዳው ሁለት ሜትር ተኩል ላይ ይደክማል። በስፋቱም በኩል 24 ኸርዝ ተኩል ያህል የሆነው ድምፅ ከጎን ግድግዳዎች አጠገብ ሲበረታ በመካከሉ ይጠፋል። ይህን ገመድም፥ ውድ መሣሪያም አያርመውም። የሚያርመው የሰብዉፈሩንና የመቀመጫውን ስፍራ መለወጥ ነው።

ስፍራ ለመምረጥም ገንዘብ የማይጠይቅ ዘዴ አለ። ሰብዉፈሩን ተመልካች በሚቀመጥበት ስፍራ፥ ቢቻል በወንበሩ ላይ አስቀምጡት። ዝቅተኛ ድምፅ ያለበትን አንድ ዘፈን ደጋግማችሁ ክፈቱ። ከዚያም በግድግዳው ሥር ጎንበስ ብላችሁ፥ ሰብዉፈሩ ሊቀመጥ በሚችልባቸው ስፍራዎች ሁሉ እየዞራችሁ አዳምጡ። ድምፁ ጥርት ብሎ፥ ሳያጓራና ሳይጎድል የተሰማበት ቦታ የሰብዉፈሩ ቦታ ነው፤ በሁለቱ ስፍራዎች መካከል ያለው የድምፅ መንገድ ቢገለበጥም ያው ነውና። እኛ ይህን ስናደርግ በር ላይ የቆሙ ወንድሞቻችን የጠፋ ሣንቲም የምንፈልግ መስሏቸው ሳቁብን፤ ሳቃቸው ግን ሳንቲም አላስከፈለንም። ማዕዘን ድምፅን ከሁሉ ይበልጥ ያበረታል፤ ነገር ግን ብዙ ጊዜ ያጓራል። እኛ በመጨረሻ ከፊት ግድግዳው ሥር፥ ከማዕዘኑ ሁለት ሜትር ያህል ፈቀቅ አድርገን አስቀመጥነው፤ የኋለኛውንም አግዳሚ ወንበር ከግድግዳው አራቅነው።

ከዚህ በኋላ የቀረን ችግር «እምምም» የሚለው የማያቋርጥ ድምፅ ነበር። የአገራችን የኤሌክትሪክ ኃይል በሴኮንድ 50 ጊዜ የሚመላለስ ስለ ሆነ፥ ይህ ድምፅ ወደ ሰብዉፈር ሲገባ 50 ኸርዝና የእርሱ እጥፍ ሆኖ ይሰማል። ብዙ ጊዜ የሚመጣው የተገናኙ መሣሪያዎች በየራሳቸው መንገድ ወደ መሬት ሽቦ ሲደርሱ፥ በመካከላቸው ባለው ገመድ ላይ ትንሽ ኤሌክትሪክ ሲመላለስ ነው። ምርመራው እንዲህ ነው። መሣሪያዎቹን አጥፍታችሁ የድምፁን ገመድ ከሰብዉፈሩ ንቀሉና ሰብዉፈሩን ብቻውን አብሩት። ዝም ካለ ጥፋቱ በገመዱ በኩል የሚመጣ ነው። ገመዱን መልሳችሁ፥ በዚህ ጊዜ ከጣራ የሚወርደውን የዲሹን ገመድ ከትንሹ ሣጥን ላይ ንቀሉ። በእኛ ዘንድ ድምፁ የቆመው እዚህ ላይ ነው። ሪሲቨሩን፥ ሰብዉፈሩንና የዲሹን ሣጥን ከአንድ ሶኬት በአንድ ዲቫይደር ስናገናኛቸው ድምፁ ሊሰማ እስከማይችል ድረስ ቀነሰ። የድምፁን ገመድም ከኤሌክትሪክ ገመዶቹ አራቅነው። አንድ ነገር ግን አጥብቀን እንለምናችኋለን፤ ድምፁን ለማጥፋት ብላችሁ የፕላጉን የመሬት ሽቦ አትቁረጡ። ያ ሽቦ የተሠራው ለሰው ሕይወት ነው። መብራት ሲሄድም መሣሪያዎቹን ንቀሉ፤ ሲመለስ ጥቂት ቆይታችሁ በመጀመሪያ ሪሲቨሩን፥ በመጨረሻ ሰብዉፈሩን አብሩ።

ክቡራትና ክቡራን፤

እስካሁን የተናገርነው ስለ መሣሪያ ነበር። አሁን ደግሞ መናገር የሚከብደንን እንናገር። ሰብዉፈራችን በሚገባ መሥራት በጀመረ በሁለተኛው ሳምንት ከንባብ ክፍሉ ተጠቃሚዎች ለማኅበሩ አንድ ደብዳቤ ደረሰ። ፊልሙ ባለበት ምሽት ጠረጴዛቸው እንደሚንቀጠቀጥባቸውና ማንበብ እንዳልቻሉ ይገልጽ ነበር። ከእኛ አንዳንዶቹ ተቈጡ፤ «በሩን ዘግተናል፤ እነርሱ ጨዋታ የማይወዱ ሰዎች ናቸው» አሉ። ነገሩን ለማየት በሚቀጥለው ቅዳሜ ከኮሚቴው ሁለት ሰዎች መጽሐፍ ይዘው ከንባብ ክፍሉ ገብተው ተቀመጡ። የተዋናዮቹ ንግግር አልተሰማቸውም፤ ሙዚቃውም አልተሰማቸውም፤ በግድግዳው በኩል የሚገባው ድም፥ ድም የሚለው ብቻ ነበር። በሁለት ሰዓት ውስጥ አንድ ገጽ ሳያነቡ ተመለሱ። ሲመለሱም የተናገሩት «ደብዳቤው እውነት ነው» ብለው ብቻ ነው።

ከግድግዳ ማዶ ያለውን የሠርግ ከበሮና የ1974ቱን ሲኒማ ቤት ያስታወስናችሁ ለዚህ ነበር። መጋረጃና ምንጣፍ ቀጭኑን ድምፅ ይውጣሉ፤ የ30 ኸርዝን ድምፅ ግን አያቆሙትም። እኛ በሰብዉፈሩ ሥር ወፍራም ላስቲክ አነጠፍን፤ ይህም በወለሉ በኩል የሚሄደውን ንዝረት ይቀንሳል እንጂ በአየር የሚሄደውን አይከለክልም። እውነተኛው መድኃኒት መጠንና ሰዓት ነው። ስለዚህ ኮሚቴያችን ከንባብ ክፍሉ ተወካዮች ጋር ተቀምጦ እንዲህ ተስማማ። የፊልም ምሽት ከምሽቱ 3 ሰዓት አያልፍም። የሰብዉፈሩ መጠን በሪሲቨሩ ላይ የሚወሰነው ከኮሚቴው አንዱ ከንባብ ክፍሉ ውስጥ ሆኖ ካዳመጠ በኋላ ነው፤ ከዚያም ማንም አይነካውም። በፈተና ሳምንታት ሰብዉፈሩ ጭራሽ ይዘጋል። ሲዘጋም መሣሪያውን ማጥፋት ብቻ አይበቃም፤ ሪሲቨሩ ዝቅተኛውን ድምፅ ለሌለ ሰው መላኩን እንዳይቀጥል፥ በሜኑው ውስጥ ሰብዉፈር «የለም» ተብሎ መመዝገብ አለበት።

ይህ ስምምነት የክበባችንን ደስታ አልቀነሰውም። በመጠኑ የተደረገው ድምፅ ከቀድሞው ይልቅ ጥርት ብሎ እንደሚሰማ ራሳችሁ በዚህ አዳራሽ ተቀምጣችሁ አይታችኋል። ቀድሞ ኃይል የመሰለን ማጓራት ነበር።

እንግዲህ ንግግራችንን በአጭሩ እንጠቅልለው። አንድ ገመድ ከትክክለኛው ሪሲቨር ወደ ሰብዉፈሩ ይሂድ። ወሰኑን የሚከፍል አንድ ብቻ ይሁን። ስፍራው በጆሮ ይመረጥ፤ መጠኑም በእኛ ጆሮ ብቻ ሳይሆን ከግድግዳው ማዶ ባለውም ጆሮ ይወሰን። ከሁሉም በላይ ደግሞ ዕቃ ተበላሸ ተብሎ አዲስ መዋጮ ከመጠየቁ በፊት፥ አንድ ሰው ተነሥቶ ገመዱን በእጁ ይከተል። የኮሚቴውን ስሕተት ገልጠን የተናገርነው ሌሎች ክበቦች ዕቃ ሲገዙ ያንኑ እንዳይደግሙት በማሰብ ነው። የመመሪያውን መጽሐፍ በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት አስቀምጠነዋል፤ ማንም መጥቶ ሊያነበው ይችላል። በቤቱም ሆነ በመኖሪያ ክፍሉ ይህን የመሰለ መሣሪያ ያለውና የተቸገረ ካለ፥ ከቅዳሜው ፊልም በፊት ባለው አንድ ሰዓት ከኮሚቴው ሁለት ሰዎች በአዳራሹ ይገኛሉና ያለ አንዳች ክፍያ እንረዳዋለን።